ማይክራፎን አይሸልምም

ወሎ ውስጥ ዲጄ መሆን ለቀባሪ ማርዳት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከእኛው አገር ነው፤ አንዱ ከገበያ ከተማ፣ አንዱ ከተራራ። አድማጩ ቅኝት የሚለየው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ከፍተህ ስለ አምባሰል ልታብራራ አፍህን ስታላቅቅ ስልኩ ይጮሃል። "የኔ ልጅ፣ አንተ ዝም በልና እሷ ትናገር" የሚሉ እናት ናቸው።

የማለዳ ፕሮግራም ልጀምር ብትልም ተቀድመሃል። ላሊበሎች አሉ። ጎህ ሳይቀድ ደጅህ ላይ ይቆማሉ፤ ስምህን ከጎረቤት አጣርተው፣ አባትህን አያትህን እየጠሩ ያሞግሱሃል። ሰጥተህ ከሸኘሃቸው ምርቃቱ ይዘንባል፤ ካልሰጠህ ግን ሙገሳው ቀስ ብሎ አቅጣጫ ይቀይራል። አድማጩን በስሙ ጠርቶ፣ ከአልጋው ሳይወርድ አሰምቶ፣ ሒሳቡን በር ላይ ተቀብሎ የሚሄድ የትኛው ጣቢያ ነው? የእኛ የማስታወቂያ ክፍል ይህን አሠራር ቢያጠናው ደመወዛችን በሰዓቱ ይደርስ ነበር።

እኔም ነገሩን አይቼ ብልሃት ፈጠርሁ። ወሎዬ የማያርመኝን ሙዚቃ ፈልጌ ካንትሪን አገኘሁ። እሑድ ማታ ከደሴ በምትተላለፍ አንዲት ፕሮግራም ጂም ሪቭስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን እያፈራረቅሁ ማጫወት ጀመርሁ። የቴክሳስን ነገር ከሀብሩ ተነስቶ ማን ያርመኛል ብዬ በልበ ሙሉነት ማውራት እንደ ጀመርሁ ከወልድያ ስልክ ተደወለ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው።

"አንተ ልጅ፣" አሉኝ፣ "ጂም ሪቭስን አስመራ ላይ በቃኘው ራዲዮ ስሰማው አባትህ ገና አላገባም። እስኪ ቀስ እያልክ አውራ።"

እውነታቸውን ነው። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያ ለራሱ ወታደሮች ብሎ የሚለቀውን ዘፈን ከተማው በነጻ ይኮመኩመው ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ፣ በመርሳ፣ በወልድያ አልፎ አስመራ የሚገባው ደግሞ አንድ አውራ ጎዳና ነው፤ ሹፌር ሲመለስ የሚያመጣው ጭነት ብቻ አይደለም። ካንትሪ ወደ እኛ የገባው በዩኒቨርሲቲ በር ሳይሆን በጋቢና ነው የሚል የራሴ ንድፈ ሐሳብ አለኝ። ማስረጃዬም ጋሼ ናቸው፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቁኝ እዚህም ጋሼ ብቻ ሆነው ይቀጥላሉ።

ካንትሪ ለምን ወሎ ላይ እንደ ያዘ ሲጠይቁኝ ብዙ አላስብም። ዘፈኑ አይቸኩልም። ታሪክ አለው። ሰው ይሄዳል፣ ሴት ትቀራለች፣ እናት ታለቅሳለች፣ ባቡር ይጮሃል። በባቡር በኩል ደግሞ ከእኛ በላይ የሚገባው የለም፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ይገባል የተባለውን ባቡር የጠበቀ ሕዝብ ስለ ባቡርና ስለ ናፍቆት የሚዘፈን ማንኛውንም ነገር ሳይተረጎምለት ያለቅሳል።

ደግሞም ውለታ አለብን። ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከአርባ በላይ ዘፋኞች ተሰብስበው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች በዘፈኑበት ስቱዲዮ ኬኒ ሮጀርስና ዊሊ ኔልሰንም ቆመው ነበር። ያ ዓመት ወሎ ላይ የሚቀለድበት ዓመት አይደለም፤ እኔም አልቀልድም። ስቱዲዮው ውስጥ የሆነውን ግን ባልናገር ይቆጨኛል። ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ የሚዘፈን ስንኝ እንጨምርበት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ዌይለን ጄኒንግስ የሚባለው የካንትሪ ጀግና ይህን ሲሰማ ጥሎ ወጣ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍም ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ እንደማይነገር አስረዳቸው። እስኪ አስቡት፤ የመርሳ ሰው ያንን ዘፈን ቢሰማ ኖሮ ከኬንያ የመጣ የዕዳ ማስታወቂያ ይመስለው ነበር። ዌይለን የወጣበትን ምክንያት ሌላው እንደ ፈለገ ይተርጉመው፤ እኔ የሀብሩ ልጅ ስለሆንሁ ከእሱ ጋር እወጣ ነበር። ዊሊ ግን እስከ መጨረሻው ቆየ፤ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ደግሞ ለአሜሪካ ገበሬዎች የሚሆን ሌላ ትልቅ ኮንሰርት ከጓደኞቹ ጋር አዘጋጀ። ቦብ ዲላን በመካከሉ ለእኛው በተዘጋጀ ሌላ ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆሞ የእኛንም ገበሬ እናስብ ብሎ ስለ ነበር ነው። የወሎ ገበሬ የአሜሪካን ገበሬ እንዳስታወሰ ብዙ ሰው አያውቅም። እኔ ግን ወሬው ሲያልቅብኝ በአየር ላይ ደጋግሜ አነሳዋለሁ።

እነዚህ ሰዎች ሌላም የሚያቀርበኝ ነገር አላቸው። ጂም ሪቭስ ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት የራዲዮ አስተዋዋቂ ነበር። ዌይለንም ዊሊም ዲጄ ነበሩ። ይህን ያነበብሁ ዕለት ሰውነቴን ሙቀት ሙቀት አለው። ለካስ ከማይክራፎን ኋላ ያለ ሰው ሁሉ በውስጡ ዘፋኝ አስሮ ነው የሚኖረው! በሚቀጥለው እሑድ ጂም ሪቭስ ሲዘፍን ድምፄን ዝግ አድርጌ በአየር ላይ አብሬው አንጎራጎርሁ። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

"ልጄ፣" አሉ ጋሼ፣ "ይኸ ሰውዬ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። ሁለተኛ አትግደለው።"

ከዚያ በኋላ ዘፋኝ መሆኑን ትቼ ዘፋኝ ማግኘትን ተመኘሁ። የምር የካንትሪ ዘፋኝ በአካል አግኝቼ ቃለ መጠይቅ ላድርግ ብዬ በየፕሮግራሙ እናገር ነበር። ምኞቴን ግን ዕድሜ እየቀደመው ሄደ። ዶን ዊሊያምስ በጳጉሜን 2009 አረፈ፤ ኬኒ በመጋቢት 2012። ወልድያ ደግሞ የወለደችውን ዘፋኝ አያሌው መስፍንን፣ ያንን የጥቁር አንበሳ ባንድ መሪ፣ ወደ ካውቦይ አገር ሸኝታ ኮሎራዶ ዴንቨር ላይ አስቀምጣዋለች። ንግዱ ሚዛኑን አልጠበቀም፤ እኛ ዘፋኝ ልከን እነሱ ካሴት ላኩልን።

አንድ እሑድ ይህንኑ ስነፋረቅ ጋሼ ደወሉ። "የካንትሪ ዘፋኝ ነው የምትፈልገው? በገበያ ቀን መርሳ ና። የሚዘፍን ሰው አሳይሃለሁ። ቴክሳስ አያስፈልግህም።"

ከደሴ ተነስቼ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፌ መርሳ ስደርስ መንገዱ ዳር የማንጎ ክምር እንደ ወትሮው አላፊ አግዳሚውን ይፈታተናል። ጋሼ ቡና ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የመኪና ሹፌርነታቸው ከእግራቸው አልወጣም፤ ሲራመዱ እንኳ ኩርባ ላይ ይቀንሳሉ። ውስጥ ገባን። ጥግ ላይ ጋቢ የተከናነቡ፣ ፂማቸው የሸበተ ሰውዬ ማሲንቆአቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የፈረስ ጭራውን ሙጫ እየቀቡ ነበር። አገራቸው ወደ ጊራና በኩል ነው አሉኝ።

ጊራናን የማታውቁ ከሆነ ከስሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣ ጊራና አንድ የሚባል የማሽላ ዝርያ አለ፤ ቦታዋ በራዲዮ ሳትጠራ በማሽላ ተጠርታለች። ሰውዬው ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም። "ማሽላው ይበላል፤" አሉ፣ "ያንተ ራዲዮ ምን ይሆናል?"

"እርስዎን ያሰማል፣ አያ" አልሁ፣ ማይክራፎኔን እያወጣሁ።

"ለማን?"

"ለሕዝቡ ሁሉ።"

ዙሪያቸውን ቃኙ። ቡና ቤቱ ውስጥ እኛ፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ ማንጎ ነጋዴዎችና አንድ የተኛ ሰው ብቻ ነበርን። "ሕዝቡ የት አለ?"

"እቤቱ ነው ያለው። እዚያ ሆኖ ይሰማል።"

"ታዲያ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?" አሉ በእውነት ተገርመው። "እቤቱ ልሂድለት እንጂ።"

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ግን ሙያዬን አልለቅም፤ ፎርሜን አወጣሁ። የዘፈኑ ርዕስ የሚል ቦታ አለ። "ርዕሱ ምንድን ነው?" አልኋቸው። ርዕስ የለውም። የግጥም ደራሲ? "እኔና የተቀመጠው ሰው።" የሚፈጀው ጊዜ? ይህቺን ጥያቄ ቆም ብለው አሰቡባት።

"ስንት ሰው ይመጣል?" አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ የአሜሪካ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። ኖቬምበር 28 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. ናሽቪል ውስጥ፣ ደብልዩ ኤስ ኤም በሚባል የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ጣቢያ፣ አንክል ጂሚ ቶምፕሰን የተባለ የ77 ዓመት አዛውንት ቫዮሊኑን ይዞ ማይክራፎን ፊት ተቀመጠ። አንድ ሺህ ዜማ አውቃለሁ ይል ነበር። አንድ ሰዓት ሲመታ ቆይቶ አስተዋዋቂው ጆርጅ ሄይ ይበቃዎታል ቢለው፣ በአንድ ሰዓት እንኳን ልመታ ገና ሰውነቴም አልሟሟቀ ብሎ ተቆጣ ይባላል። ዛሬም ድረስ በየሳምንቱ የሚተላለፈው ግራንድ ኦል ኦፕሪ የበቀለው ከዚያች ምሽት ነው። የካንትሪ ራዲዮ አባት ከፕሮግራም ኃላፊው ጋር በሰዓት የተጣላ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ለእኛ ፕሮግራም ኃላፊ ነግሬው ነበር፤ በጣም አስተማሪ ነው ብሎ ሰዓቴን አምስት ደቂቃ ቀነሰብኝ።

ዘፈን ሦስትና አራት ደቂቃ ነው ያለው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ሸክላው ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው የድሮ ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨፍር የሚያድር የገጠር ቫዮሊን መቺ ኒው ዮርክ ሲደርስ ሌሊቱን በሦስት ደቂቃ አጥፈው ያዙለት። የመጀመሪያው የካንትሪ ሸክላ እየተባለ የሚቆጠረው የኤክ ሮበርትሰን ቅጂ በ1922 እ.ኤ.አ. ነው የተቀዳው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ዘመን ጀርመን ተልከው ሳለ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው መሆኑን እዚህ ላይ በትሕትና ላስታውስ። ካንትሪ ሸክላ ላይ ሲወጣ የእኛ አቧራ ጠጥቶ ነበር።

ወደ መርሳ ልመለስ። ቀዩን ቁልፍ ተጫንሁና "ይጀምሩ" አልኋቸው። ሰውዬው ማይክራፎኑን ትኩር ብለው አዩት። ጭራውን አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉ። ቆሙ። ደግሞ ሳብ አደረጉ። ቆሙ።

"ምነው አያ?"

"ይኸ ነገር፣" አሉ በጭራው ወደ ማይክራፎኑ እየጠቆሙ፣ "አይስቅም። አያፍርም። ተቀበል አይልም። አይሸልምም። ፊት የለውም። ምን ብዬ ልጀምርለት?"

አሥራ ምናምን ዓመት ራዲዮ ላይ ስሠራ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። የእኔ ሥራ በሙሉ ፊት የሌለውን ነገር እያዩ "ውድ አድማጮቻችን" ማለት ነው። ወልድያ ያለችው አድማጭ ስትስቅ አላይም፤ ስትሰለችና ስትዘጋም አላይም፣ ባላይ ይሻላል። ሰውዬው ደግሞ ፊት ካላዩ አንድ ስንኝ አይወጣቸውም። የእኔ ዘፈን ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ማንም ቢመጣ አንድ ነው። የእሳቸው ግን የሚሠራው ከተቀመጠው ሰው ነው፤ ከኮፍያው፣ ከሆዱ፣ ከአባቱ ስም፣ ከኪሱ።

"ወልድያ ያለው ስታዲየም ወስደን ብናዘፍንዎስ?" አሉ ጋሼ ነገር ለማጋጋል። በ2009 የተመረቀው፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ማለታቸው ነው። ባለ ማሲንቆው ራሳቸውን ነቀነቁ። "25 ሺህ ሰው ስሙን እስኪነግረኝ ይመሻል።"

መፍትሔውን ያገኘችው ቡና የምታፈላዋ ልጅ ናት። "እሱን ከማይኩ ኋላ ያስቀምጡት" አለች እኔን እያየች። ማይክራፎኑን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ከኋላው ተቀመጥሁ። አሁን ሰውዬው ሲያዩኝ ማይኩን ያያሉ፣ ማይኩ ሲሰማ እኔን ይሰማል። አንክል ጂሚም እንዲሁ ነው የሆነው እኮ፤ ሰዉ ዘፋኞቹን በዓይኑ ለማየት ስቱዲዮውን አጨናንቆ ስላስቸገረ ኩባንያው ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ሠራለት። ናሽቪልና መርሳ አንድ ችግር ገጥሟቸው አንድ መፍትሔ አገኙ፤ ልዩነቱ መርሳ ወንበሩ አንድ መሆኑ ነው።

ማሲንቆው ጀመረ። ባቲ ነው። አንዲት ክር ያን ሁሉ ድምፅ ከየት እንደምታወጣው እግዜር ይወቅ። ማንጎ ነጋዴዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ፤ ተኝቶ የነበረው ሰውዬ ሳይነቃ እስክስታ ጀመረ። እኔም በኩራት ተዘረጋሁ፤ ራዲዮ ለዚህ ነው የተፈጠረው እያልሁ። ያኔ ነው ሰውዬው ቀና ብለው ያዩኝና የለቀቁት፤

ድምፁ ደሴ ደርሶ ሰውየው የት አለ፤
ኪሱን ዘግቶ ይዞ አፉን ከፍቶ ዋለ።

ቤቱ ፈነዳ። ጋሼ ጠረጴዛ መቱ። አፌን ለካስ በእርግጥም ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁትና ወደ ኪሴ ገባሁ። 100 ብር አውጥቼ ግንባራቸው ላይ ስለጥፍ ግጥሙ አየር ላይ እያለ ተገለበጠ። የአፍታ ቆይታ ሳይኖር ቅድም ሆዴ የነበረው ግርማ ሞገስ ሆነ፣ ቅድም ከፍቼው የዋልሁት አፍ ማር የሚያፈስስ ቀፎ ሆነ፣ አባቴንም ሳያውቋቸው ጀግና አደረጓቸው። አባቴ የገበያ ዳኛ እንኳ ሆነው አያውቁም፤ ግን ማን ያርማል? ሁለተኛ 100 ወጣ። ሦስተኛው ሊወጣ ሲል ጋሼ እጄን ያዙኝ። "አንተ ልጅ፣ መመለሻ ትራንስፖርት አስቀር፤ እኔ ፍሬን አውቃለሁ።"

ከዚያ ማንጎ ነጋዴዎቹ ተራቸውን ወሰዱ፤ አንዱ ስሙን፣ አንዱ የእጮኛውን ስም እየሰጡ። መሐል ላይ ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ሰውዬው ጭራውን ቀስ አድርገው አወረዱ። አዛኑ እስኪያልቅ ማሲንቆውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ተቀመጡ፤ ቤቱም ጸጥ አለ። አለቀ፤ ከቆሙበት ስንኝ ላይ ቀጠሉ። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሳል ካመለጠችኝ ከመጀመሪያው ነው የምቀዳው።

ውል የሚለውን ወረቀት ያወጣሁት መጨረሻ ላይ ነው። ጋሼ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ውጫሌ ከዚህ ቅርብ ናት" አሉኝ በሹክሹክታ። "በዚህ ሰፈር በ1881 የተፈረመ ወረቀት ስንት ጣጣ እንዳመጣ ታውቃለህ። በግልጽ አማርኛ ንገራቸው።" በግልጽ አማርኛ ነገርኋቸው፤ ጣቢያው ለቅጂው ይከፍልዎታል። ሰውዬው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ቀለሙን በማሲንቆው ቆዳ ጠረጉት።

ስቱዲዮ ስገባ ቴክኒሻናችን፣ የወልድያ ልጅ ነው፣ ቅጂውን ከፍቶ ማዳመጥ ጀመረ። የአይሱዙ ጥሩምባ፣ የፍየል ጩኸት፣ የስኒ ኳኳታ፣ የጋሼ ሳቅ አለበት። "አራት ደቂቃ አድርገው" አልሁት። ብዙ ቆየ። "ከየት ልቁረጠው?" አለኝ። "የአንዱ ሰው ግጥም ሳያልቅ የሌላው ይጀምራል። ማንጎ ነጋዴውን ብቆርጠው እጮኛው ትቆረጣለች።" "እንደ ምንም ቁረጠው፤" አልሁት፣ "ብቻ ያችን የእኔን ስንኝ አውጣት።"

እሑድ ማታ ፕሮግራሙ ሄደ። አራት ደቂቃ ነበር፤ ቆንጆ አድርጎ ቆርጦታል። ከዚያ ሁሉ ቅጂ መርጦ ያስቀራት ስንኝ ግን ያቺው የእኔ ነበረች፤ እንዲያውም እንድትደገም አድርጎ ሁለት ጊዜ ቀጥሏታል። መስታወቱን አሻግሬ አፈጠጥሁበት። አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ስልኩ አልቆመም። ኬኒ ሮጀርስን እንዲህ ደውሎ የጠየቀ ሰው ኖሮ አያውቅም። ከወልድያ፣ ከሐራ፣ ከውርጌሳ፣ አንዲት ሴት ከጅቡቲ፤ ሁሉም "ያቺን የኪሱን ዘፈን" ይላሉ። ፎርሙ ላይ ባዶ የቀረው ርዕስ በሕዝብ ምርጫ ተሞላ። በሳምንቱ ወልድያ መናኸሪያ ከሚኒባስ ስወርድ ረዳቱ ሒሳቤን ሲቀበል ድምፄን ለይቶ "ኪሱን ከፈተ!" ብሎ ጮኸ፤ ሙሉ መናኸሪያው አጨበጨበ። መልስ እንዳልጠይቅ አድርጎ ነው ያዋረደኝ፤ አሥር ብሬን ይዞ ቀረ።

ቅጂውን በስልኬ ጭኜ ጊራና ወስጄ አሰማኋቸው። ጆሮአቸው ላይ አስጠግተው እስከ መጨረሻው አደመጡ። ፊታቸው አልተለወጠም። "ጎበዝ ነው፤ እጁ ጥሩ ነው" አሉ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ። ቀጥለውም "ስንት ሸለሙት?" አሉኝ። ብዙ ሰው መደወሉን፣ ከጅቡቲ ጭምር መሆኑን ነገርኋቸው። "ደወሉ ወይስ ሸለሙ?" ደወሉ። ስልኩን መለሱልኝ። "እንግዲያው ደሴ መጥቼ ጣቢያውን ፊት ለፊት ላግኘው።"

መጡም። ማሲንቆአቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ አዲስ ጫማ አድርገው፣ ጋሼን አስከትለው። ሂሳብ ክፍል አስገባኋቸው። ሂሳብ ሹማችን ጥብቅ ሴት ናት፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ ስታይ ያልተወራረደ ሒሳብ ራሱ ይወራረዳል። ውሉን አገላበጠች።

"ቲን ነምበር አለዎት አባቴ?"

"እሱ ምንድን ነው ልጄ?"

"መንግሥት እርስዎን የሚያውቅበት ቁጥር ነው።"

"መንግሥት ያውቀኛል፤" አሉ፣ "ስንት ሹም ዳርያለሁ።"

"ደረሰኝስ?"

ሰውዬው ወደ ጋሼ ዞሩ፤ ጋሼ ወደ ጣሪያው አዩ። ለአዝማሪ ሽልማት የሚሆን የበጀት ርዕስ እንደሌለ፣ ከሌላ ርዕስ እንዲዛወር ደብዳቤ መጻፍ እንዳለበት፣ ደብዳቤው ሦስት ቅጂ መሆን እንዳለበት ሂሳብ ሹማችን ታስረዳ ጀመር። ሰውዬው በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያ ነጩን ጨርቅ ቀስ ብለው ፈቱ፤ ፊቷን እያዩ።

"አገርሽ የት ነው ልጄ?"

"ሐይቅ" አለች ሳታስበው።

"ያባትሽ ስም?"

የአባቷን ስም ነገረቻቸው። ያ በቃቸው። አምባሰል ነው የጀመሩት። የሐይቁን ውኃ፣ የአባቷን በሬዎች፣ መነጽሯን፣ ማኅተሟን፣ የማኅተሟን ጌጥነት፣ እርጥባን ለጠየቀ ሰው ደብዳቤ የምትሰጥ እጇን አንድ ባንድ አወጡ። ግዢ ክፍል ሥራ አቆመ። ዜና ክፍል በሩ ላይ ተደራረበ። የጣቢያው ኃላፊ ምን ጉድ ነው ብሎ መጣ፤ ሰውዬው ቀና ብለው "ስምህ ማነው ጌታዬ?" ሲሉት ስብሰባ አለብኝ ብሎ ተመለሰ።

ሂሳብ ሹማችን መነጽሯን አወለቀች። ቦርሳዋን ከመሳቢያ አወጣች። 200 ብር ግንባራቸው ላይ ለጠፈች፤ ቆይታ 100 ጨመረችበት። ያን ጊዜ እኔን አየችኝ።

"ይኸ የጣቢያው አይደለም፤ የእኔ ነው" አለችኝ። "ቅጹ ላይ እንዳታስገባው።"

የጣቢያው ክፍያ እስከ ዛሬ በሂደት ላይ ነው።